ሮዝ ውልብልቢት

የሰው ጥርስ ነው እንጀራዬ፤ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣
ከፎቶ ቤቱ በላይ፣ በጠባብ ደረጃ ሲገባ፣
ላረጀ መንጋጋ ፈገግታ በሰም እቀርጻለሁ፤
ቆሎ ናፍቆት የኖረን ከቆሎው አስታርቃለሁ።
ዛሬ ግን እሑድ ነው፤
መብራቱን ያበራሁት ለማንም አፍ አይደለም።
አርባ ዘጠኝ ዓመት አንዴም ሳይበር የኖረ፣
አንዴም ሳይወድቅ የኖረ
አውሮፕላን አለብኝ።

ዳኮታ ነው፣ ባለ ሁለት ሞተር፤ የካርቶኑ ሰማይ
ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል፣ ደመናው ቡኒ ነው ሲታይ።
የወንጂ ስኳር ፋብሪካው ሆላንዳዊ መካኒክ፣
ስድሳ ሰባት ላይ፣ ፋብሪካው ሲወረስ፣ ወዳገሩ ሲመለስ፣
ሻንጣው አልዘጋ ቢለው ለአባቴ ሰጠው።
አባቴ ለዲንቃ ሰጠው።
ለእኔ የካርቶኑ ክር ደረሰኝ።

ወንድሜ ዐሥራ ሁለት፣ እኔ ገና ሰባት ዓመቴ፤
መመሪያው በሆላንድ ቋንቋ፤ ማን ያነባል? እናቴ? አባቴ?
ቁጥር እየተከተለ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣
ሆዱን ገጠመ፣ ጭራውን አቆመ፣ ክንፉን ግማሽ ጨርሶ
«እንዳትነኪ!» ይለኛል፣ «ትንፋሽሽ አይድረስበት!»
እሺ።
ግን የዚህ ከተማ ልጅ፣ ነፋስ ያሳደገው፣
ውልብልቢት እያየ እጁን በምን ያስታግሠው?

እሱ ትምህርት ቤት ሳለ አንዷን ውልብልቢት ከዘንጓ ቆረጥኳት፤
በመርፌ ወግቼ ከሸንኮራ አገዳ ጫፍ ላይ ተከልኳት፤
ወደ ሐዲዱ ሮጥኩ፣ ነፋሱን በግንባሬ ይዤ።
ዞረች።
የናዝሬት ነፋስ (ያኔ ናዝሬት ነበር ስሟ፣
ነፋሷ ግን ስም አልቀየረም) አደራ አያውቅም፤
ዞረች፣ ዞረች፣ ጮኸች፣ ከዚያ
መርፌው ብቻ እጄ ላይ ቀረ።

ዲንቃ አልጋ ሥር ፈለገ፤ ምንጣፍ ገለበጠ፤
ያልበላችውን ድመት ገረፈ። እኔ ዝም።
ካርቶኑም ተከድኖ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣ፤
በላዩ የአባቴ ባርኔጣ፣
በባርኔጣው ላይ የራጅ ፖስታ፣
በፖስታው ላይ የሠርጌ አልበም። እኔ ዝም።

ዘንድሮ ዲንቃ ከመተሐራ መጣ፣ ጡረታ ወጥቶ፣
ቀኝ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ሻዩን ለሳህኑ እያጠጣ።
«ያቺ ዳኮታ አለች?» አለ፣ እንደ ዋዛ።

አወረድናት። ሙጫው በቱቦው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል፤
ማታ፣ እሱ ሲተኛ፣ በምላጭ ብሰነጥቀው
ከግማሽ በላይ ሙሉ ነው።
ተለጣፊው ፊደል ውሃ ሲነካው
እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበ፣ ተበጣጠሰ፤
አውሮፕላኗ ስም አልባ ቀረች።

እሱ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ እገጥማለሁ፤
ክንፍ። ጎማ። አንድ ጥቁር ውልብልቢት።
«ሁለተኛዋስ?»

ሰም ቀርጼ፣ በጀሶ ከድኜ፣
ለድድ የምንጠቀምበትን ዱቄት አቦካሁ፤
በፈላ ውሃ ቀቀልኩት።
ሌላ ቀለም አጣሁ ማለት እችል ነበር።
ሞርጄ፣ አለስልሼ፣ መዳፉ ላይ አኖርኳትና
የሸንኮራውን፣ የመርፌውን፣ የሐዲዱን ነገርኩት።

ወደ መስኮቱ ይዞ አያት። «ድድ ናት እንዴ?» ብሎ ሳቀ።
«ለዚህ ነው ዕድሜሽን ሙሉ... አይ አንቺ!
ሙጫው አልቆብኝ ነበር እኮ ያኔ፤ ለዚያ ነው የተውኩት።»

ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር።
ምላጩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። ዝም አልኩ።
ይህኛው ዝምታ ግን አይጎረብጥም።

በአሣ ማጥመጃ ክር ከጣሪያው ሰቀልናት፤
አንድ ሞተሯ ጥቁር፣ አንዱ እንደ ሕፃን ድድ።
ከመስኮቱ ወዲያ፣ ከተራራው ላይ፣
ነጮቹ የነፋስ ምሰሶዎች ተሰልፈዋል፤ አንዳቸውም አይዞርም፤
እንዲህ ያለ ቀን አዳማ ላይ ብርቅ ነው።
«እንዳት...» ብዬ ጀመርኩና፣ ከልማድ፣ ተውኩት።
ዲንቃ ጣቱን ዘረጋ።
ነፋስ አላስፈለገውም፤
የሚንቀጠቀጠው እጁ ሲደርስባት
ሮዟ ዞረች።